ዘጠና ሁለት

የመስከረም ሁለተኛ ሰኞ፤ ጉሙ ከጦሳ ጫፍ ተንሸራቶ፣
እንዳረፈደ ተማሪ መስኮት ላይ ቆሟል፣ መግባት ፈርቶ።
ሰባተኛ «ሐ»፤ ስድሳ ሦስት ልጅ፣ ሦስት ሦስት በአንድ ወንበር፣
ደብተሩ ሁሉ የተለበደ፣ በጋዜጣም፣ በሲሚንቶ ከረጢትም፤
ውስጡ ገና ያልታረሰ አገር።

እኔም ያው የአምናው ነኝ፤ በመሃረብ የጠቀለልኩት
አንድ ቴርሞሜትር አለኝ፣ ክረምቱን እንደ እንቁላል ያቀፍኩት።

«ውሃ በስንት ይፈላል?» ስል፣ እጅ በእጅ ላይ ተነባበረ፤
«በመቶ!» አለ እንድሪስ፣
የእህቱን መጽሐፍ ክረምቱን ሲሸመድድ የነበረ።

ቡታጋዟን ለኮስኩ። ጣሳው ጉምጉም አለ፣ ፈላ፤
ሜርኩሪው ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ፤
ፍንክች አላለም ከዚያ በኋላ።

«ተበላሽቷል!» «ቲቸር፣ እሳት ይጨመር!» «አሮጌ ነው!»
እንድሪስ መጽሐፉን አየ፣ ጣሳውን አየ፣
የሆነ ሰው የዋሸው ይመስል።

ከኋላ ወንበር ጦይባ፣ ዘንድሮ ከኮምቦልቻ የመጣች፣
ድምጿ እንደ ትነቱ ቀጥኖ፣ እጇን ሳታወጣ ተናገረች፦
«እኛ ትምህርት ቤት… አምና… ዘጠና አራት ላይ ነው የቆመ።»
ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ሳቁ ሁሉ ከንፈር ላይ ከሰመ።

ሰሌዳው ላይ ሐረጎን ሳልኩ፣ መንገዱን እንደ እባብ አጥፌ፣
ግርጌው ኮምቦልቻ፣ ራሱ ደሴ፤
መልሱን ምላሴ ሥር አሳርፌ።
«ጦይባ፣ ሽቅብ ስትመጪ ጆሮሽን ምን ተሰማሽ?»
«ደፈነኝ።»
«ማን ደፈነሽ?»

ደወሉ ሲደወል ስድሳ ሦስት ጣት ጆሮ ውስጥ ነበረ፤
እንድሪስ «መቶ»ን ሳይሰርዝ፣ ጎኑ ላይ በእርሳስ ጨመረ፦
«ደሴ፣ ሰኞ ጧት፣ ዘጠና ሁለት።»