ከዜሮ በታች

ግሮኒንገን ውስጥ ነው፣ ከቦዩ ዳር ቆሞ፣
ስኳር ያነጥሩበት የነበር ነው ቀድሞ፤
ዛሬ እኛ ገብተን ቃል እንመዝንበታለን፣
ጣፋጭ ከመራራ እንለይበታለን።

ዘሩ ሁለት ብቻ፣ «ጥሩ» እና «መጥፎ»፣
ሌላው በጉርብትና ይመጣል ተለጥፎ።
ፌምከ ስለ ዘዴው ማብራሪያ ብትሻ
ቀመሩ ሰለቸኝ፣ ተረት አልኳት መጨረሻ፦
«ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች»።
እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

ማታ ለቀቅነው፤ ሲያነብብ አደረ፣
የማያውቀውን ሰው እርቅና ጠብ ቆጠረ፤
ጠዋት ስድስት ሺህ ቃል፣ ወረቀት ላይ ተሰልፎ፣
ፕላስ ወይም ማይነስ በግንባሩ ተጽፎ።

«ዝናብ» ፕላስ ሆነ። ፌምከ አልተዋጠላትም፤
አሥራ አንድ ቀን ዘንቦ ካፖርቷ አልደረቀላትም።
ስለ በልግ ነገርኳት፣ ቀና ብሎ ስለሚያይ ገበሬ፤
ሰማችኝ፣ ኮፍያዋን እየጨመቀች።

«ገዳይ» ማይነስ ወጣ፣ ቁንጅና ሲያሞግሱበት፤
«ያበደ» ማይነስ ነው፣ ድግሱ ሲደምቅ የሚሉት።
እነዚህን በሳቅ፣ በብዕር አረምን፣
አግድሟ ሰረዝ ላይ አንድ ቋሚ ጨመርን፣
ፕላስ ሆነች በቃ።

ሻይ ልንጠጣ ስንል
ከገጹ ግርጌ ላይ አየሁት፦ «በሞቴ»።
ከዜሮ በታች ነው። ማይነስ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።

ጎረቤቶቹስ? «ቀብር»፣ «ድንኳን»፣ «ሬሳ»።
ፌምከ «ልክ ነው» ስትል እጄ ተነሣ፦
«ተሳስቷል» አልኳት፣ «ይኼ ቃል የማዕድ ነው፣
አንዴ ጉረሽልኝ፣ ትንሽ ቆዪ፣ አትሂጂ ነው፤
ሰው የገዛ ሞቱን መያዣ አስይዞ
ደግ የሚለምንበት፣ እንግዳ እጁን ይዞ።
‹አፈር ስሆን› የሚሉት ወንድምም አለው፣
እሱንም ፈልጊው፣ እዚያው ታች ነው ያለው።»

ብዕሩን ሰጠችኝ፣ ቋሚዋን ልጨምር።

እጄ ቆመ።

አክስቴ ጥሩወርቅ፣ በስልክ፣ ባለፈው ጥር፣
«ለፋሲካ ነይ፣ በሞቴ» ብላኝ ነበር።
«እመጣለሁ» አልኩ።
ጉባኤ ነበረ፣ ትሬንቶ ላይ፣ ስለዚሁ ስለ ቃል ሚዛን፤
ቲኬቱን ለወጥኩት።
እሷ ቃሏን አልለወጠችም።
በዳግማይ ትንሣኤ ቀበሯት።

«ምን ሆንሽ?» አለች ፌምከ።
«ደህና ነኝ» አልኳት።
(«ደህና»፦ ፕላስ ዜሮ ነጥብ ስምንት።
ማሽኑ ሰው ያለውን ያምናል።)

ለሌላው ሰው ፕላስ ነው፤ ማሽኑ ለእኔ ብቻ አልተሳሳተም።
ቋሚዋን አሰመርኩ።
ትንሽ ተንጋደደች።