ትንፋሽ መያዝ

ፊቴን ሳፋው ውስጥ ነክሬ፣ አጣናው ሰዓት ይዞ ሲቆጥር፣
«ሠላሳ ሁለት» አለኝ። «በዚህ ትንፋሽ ነው የምትጠልቂው ባሕር?»

እቁቡ ሰኔ ይደርሰናል፤ ለአራት ሌሊት ዛንዚባር።
ዋና መልመዱ ነው የቀረን፤ ዕድሉ በጥምቀት ነበር፣
የፋሲል መዋኛ ሞልቶ ሳለ፤
እኔ ዳር ቆሜ እልል ስል፣ እሱ የዘላዮች ልብስ ሲጠብቅ ዋለ።

ዛሬ ገንዳው ደረቅ ነው፤ ከአዘዞም ውሃ ከሄደ
አስራ አንድ ቀን ነጎደ።
የሳፋው አይደፋም፤ ከፊቴ በኋላ ለሳህን፣
ከሳህን ወዲያ ለጎመን።

ማታ ስለ ሻንጣው ስንጨቃጨቅ ቧንቧው አፏጨ፤
ባልዲ ይዤ በረርኩ፤ ነፋስ ብቻ ፊቴ ላይ ረጨ።

«እዚያ ታች በቱቦ የሚመጣልሽ ምንድን ነው?» አለ አጣናው።
«አየር።»
«እንግዲያ ልመጂው፤ ይኸው።»