ገመድ

የቦራ ነፋስ ነው ትሪየስቴን የሚንጣት፤
አሮጊቷ ኒቬስ ወለል ላይ ነጋባት።
አራት ፎቅ ወጣነው ቃሬዛውን ይዘን፤
«ድመቴን አብሉልኝ፣ ደህና ነኝ» አለችን።

ትኩሳቷን ለካሁ፦ የለም። ሕመም? የለም።
ጀማሪ ሰው ቢሆን አይጠራጠርም።
ያረጀ ገላ ግን አይጮህም፣ ያንሾካሽካል፤
እሳቱ አመድ ለብሶ ውስጥ ለውስጥ ይበላል።
የወጣት ልብ ቢሆን ሽምጥ ይጋልባል፤
የሷን ግን እንክብሉ በልጓም ይዞታል።

ቆዳዋ የሽንኩርት ልጣጭ፤ ፕላስተሩን ተውኩት፣
መርፌውን በፋሻ ቀስ አድርጌ አሰርኩት።
ወደ ውጭ የዞረ፣
ያጠረ እግሯን በትራስ ደገፍኩት።

ዳሚር ፈልጎ ያዘ፤ ጥርሷን፣ መነጽሯን፣ የጆሮዋን ባትሪ።
እዚያ ሳትሰማ፣ ሳታይ ብትቀር
«ጃጅታለች» ይላል ተረኛ መርማሪ።

ደረጃው ላይ ስንዞር
የእጅጌዬን ጫፍ ጨብጣ፦
«ድሮ እኮ ቦራ ሲነሣ፣ ሰው ይዞ እንዲሻገር፣
በየጥጉ ገመድ ይወጠር ነበር።
ማን ፈታው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።
ገና ሁለት ፎቅ ይቀረናል።