የሹራብ ትርትር

መርፌዬ የጃንጥላ የጎን አጥንት ነው፤
ዝናብ በሌለበት ማንም ያልፈለገው።
ጫፉን በደረጃው ሲሚንቶ ሞርጄ፣
አንገቱን ቆልምሜ፣ አለመድኩት ከእጄ።

ዛሬ ጳጉሜ አንድ ነው። ሙትራሕ ግን አያውቅም፤
ከወጥ ቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው ወረቀት
ለአሥራ ሦስተኛ ወር ማደሪያ የለውም።
የባሕሩ ዳር ድንጋይ ሌሊትም ይፋጃል፤
ከመርከቦቹ ወዲያ ሰማዩ አመድ መስሏል።

ለዓሣ የተላክሁ ለታ ክር ቤት ጎራ አልኩ።
«ቢጫ» አልኩት ራጃንን። መሰላሉን ወጣ፤
የሎሚ አወረደ፣ የጫጩት አመጣ፣
የእርድ፣ የሰም፣ ያረጀ ጋዜጣ።
«ሌላስ?»
«እህቴ፣ ቢጫ እኮ ቢጫ ነው!»
በስብርባሪ ዐረብኛ እንዴት ላስረዳው፣
ክረምቱ ሲወጣ፣ ጭቃው ቅርፊት ሲያበጅ፣
ማታ ያልነበረው፣ ጠዋት ሜዳ የሚያለብሰው
ቀለም ብቻ ሳይሆን ወሬም መሆኑን፣
«አለፈ» የሚል ወሬ።
ዓሣው እንዳይሸት ብዬ ክር ሳልገዛ ወጣሁ።

አንድ ሹራብ ነበር።
ያኔ ሀይተም ሲድኽ፣ ኤሲው እንዳይመታው፣
በመጣሁ በወሩ ቁጭ ብዬ የሠራሁት።
ክሩ የደሴ ነው፣ የሰኞ ገበያ፤
ለምን እንደገዛሁት እኔም አላውቀው፣
ሻንጣዬ ጥግ ላይ ነበር የወሸቅኩት።
ዘንድሮ እመቤቴ ቁም ሣጥን ስትጠርግ
«ጣዪው» አለችኝ፣ በሁለት ጣት ይዛ።
አልጣልኩትም።

ልብስ ማጠቢያው ሲያጓራ፣ በሬን ገርበብ አድርጌ፣
ከእጅጌው ጀመርኩት፣ ቋጠሮውን ፈልጌ።
ሲተረተር ድምፅ አለው፣ እንደ ዶሮ ጭረት፤
ክንዱ ሄደ፣ ደረቱ፣ ከዚያም የአንገቱ ክፈት።
ክሩ ግን ተፈትቶም ሊቃና እምቢ አለ፤
እንደ ልጁ ፀጉር ተጠቀለለ።
ሰባት ዓመት የታጠፈበትን
በአንድ ሌሊት እርሳ ማለት
ለክርም ይከብዳል መሰለኝ።

ስድስት ሰንሰለት፣ ክብ፤ ከክቡ ላይ ቅጠል፤
ስምንት ስትሞላ አንዷ አደይ ትላለች ብቅል።
ቢቢ ዙወይና፣ የቤቱ አሮጊት፣ ከጎኔ ትቀመጣለች፤
ለልጅ ልጇ ኩማ ትጠልፋለች፦
ጥቃቅን ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው ዙሪያ ክር፣
አንዱ ቆብ ሁለት ወር።
ብዙ አናወራም። እሷ በስዋሂሊ ታንጎራጉራለች፣ እኔ እቆጥራለሁ፤
አንዳችን የሌላችንን መብራት አንጋርድም።

«ትሪንጎ፣ ምንድን ነው?»
«አበባ።»
«ለምን?»
«ለዓውደ ዓመት። ቤት ላይ ይሰቀላል።»
«ቤትሽ ሩቅ አይደል?»
በአገጬ ጠቆምኳት፣ ከማጠቢያው ጎን ያለችውን ክፍል፣
አልጋዋ በሩን የሚነካውን።
«ለዚያ ቤት» አልኩ። የገዛ አፌ ገረመኝ፤
እስከ ዛሬ «ክፍሉ» እንጂ «ቤት» ብዬው አላውቅም።

ክሩ አለቀ፣ አሥራ አንደኛዋ ሰባተኛ ቅጠሏ ላይ።
ጨርቅ ስር ፈለግሁ፣ ትራስ ስር ፈለግሁ፤ የለም።
ቢቢ ምንም አላለች። ከኩማው ክር፣ ከቢጫው ሐር፣
አንድ ክንድ ለክታ በጥርሷ በጠሰችልኝ።
ስምንተኛዋ ቅጠል ቀጠነች፤
እንደ ጥፍር ቅርፊት፣
ከእህቶቿ አትመስልም። ተውኳት።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት
ከኤሲው አፍ እስከ መስኮቱ ሚስማር ሰቀልኳቸው።
ሀይተም የትምህርት ቤት ቦርሳውን አንግቦ መጣ፣
አንዷን ነካ፣ አሸተታት።
«ከምንድን ነው የሠራሽው?»
«ካንተ» አልኩት።
ሳቀ። አላመነኝም። አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፋ፤ ሮጠ።

በሩን ዘጋሁና ኤሲውን ከፈትኩት።
መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም፤ ክሩ ከባድ ነው።
ቆይቶ አንዲቷ ብቻ፣ ያቺ የሐሯ ቅጠል፣
ትር ትር አለች፤
ከዚያ ሌሎቹ።