ከስፌቱ ጀርባ

ቀለም ቀቢ ነኝ፣ የድሬዳዋ ልጅ፣
ከከዚራ ማዶ፣ ከባቡሩ ደጅ፤
ሰፈሬ በገመድ ተለክቶ ያደረ፣
ዓይኔም በቀጥታ መስመር የተማረ።

ረመዳን ሲቃረብ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣
ብሩሼን፣ ባልዲዬን፣ መሰላሌን ይዤ፣
መሰላሉ ከላይ፣ እኔ ከበር ጋራ፣
ዞረን ተጠማዘን የደንገጎን ተራራ፣
በሸዋ በር ገብቼ ጀጎል ውስጥ ስሰፍር፣
ቀጥ ያለ ግንብ የለም፤ ውኃ ልኬ ይፈር።

አንዱ ቤት በትከሻው ጎረቤቱን ደግፎ፣
አንዱ ሆዱን ስቦ አህያ አሳልፎ፣
እንደ ሰው ነው ሁሉም፤ ይጠጋል፣ ያፈነግጣል፤
በገመድ አልተለካም፤ ግን ልኩ ይመጣል።

እመት ረዉዳ ቤት ጫማዬን ደጅ ትቼ፣
ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆሜ አይቼ፦
ወለሉ ቀይ አፈር ጠጥቶ የበራ፣
ግድግዳው ስፌቱን እንደ ኒሻን ያንጠለጠለ፣ በተራ፤
መስኮት መሳይ ጓዳ፣ ወደ ውጭ የማያይ፣
ሲኒና ቁርኣን የተቀመጡበት ላይ።
መደቡ አምስት ነው፤ አንዱ ካንዱ ይልቃል፤
ማን የት እንደሚቀመጥ ደረጃው ያውቃል፤
ለታላቁ ከፍ ያለው፣ ለታናሹ ዝቅ፤
እኔ በመሰላሌ ከሁሉም ላይ፣ በሳቅ።

«አረንጓዴ ነበር» አሉኝ እመት ረዉዳ፣
«ያኔ፣ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ከዚህ ጓዳ።
የጫት ቅጠል አይደል፣ የባንዲራም አይደል፤
ዘይቱን ሊበስል ሲል፣ ሲያመነታ፣ ያን ያህል።»

ቀላቀልኩ። አሳየሁ። «ይሄ የሆስፒታል።»
ቢጫ ጠብ አደረግሁ። «የቀበሌ ነው፣ ፋይል ያስታውሳል።»
ኖራ ጨመርኩበት። «ይሄ ታመመ እንዴ?»
ሦስት ቀን ሙሉ ሞከርኩ፤ አለቀብኝ ዘዴ።

ግድግዳውን ፋቅሁት።
ከነጩ ሥር ሰማያዊ፦ «ልጄ ጅዳ የሄደች ዓመት።»
ከሰማያዊው ሥር ሮዝ፦ «ቀለም የጠፋ ጊዜ ነው፤
የተገኘውን ቀባን፣ አፍረን ሳቅን።»
ከሮዙ ሥር ጭቃ። ልስኑ ታድሶ ኖሯል።
አረንጓዴው የለም።

አንዲት ስፌት አለች፣ ከበሩ ትይዩ፣
ስንት ቀቢ ዞሯት፣ ሳይነኳት እያዩ፤
ሙክታር በገዛ እጁ ምስማር መትቶ የሰቀላት፣
እሱ ካለፈም ወዲህ ማንም ያላወረዳት።

«አውርዳት» አሉ ድንገት፣ ፊታቸው ወደ ደጅ።
አነሳኋት በቀስታ፣ እንደ ተኛች ልጅ።

እዚያ።
ትሪ የምታክል ክብ፣ አቧራ የከበባት፣
ፀሐይ ያልበላት፣ ሸረሪት ያደረባት፤
ሊበስል ሲል የቆመ፣ የሚያመነታ ዘይቱን፣
አርባ ረመዳን ሙሉ ያልጨረሰ ማመንታቱን።

እመት ረዉዳ ዝም። በመዳፋቸው ለኩት።
ዕድሜዬን ሜትር ይዤ፣ ልክ ማለትን ያኔ አወቅሁት።

አራተኛውን ባልዲ እዚያው ቆሜ ቀላቀልኩ።
ገጠመ። ጠብታው ከክቡ ጋር ጠፋ።
«እንግዲህ ልቀባው?» ስል፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፦
«ቤቱን ነጭ አድርገው። ስፌቷን መልሳት።
የት እንዳለ ካወቅሁ፣ ይበቃኛል።»

ነጭ አደረግሁት። እንግዳ መጣ፣ አደነቀ፣
ስፌቱን በስልኩ አነሳ፣ ወለሉን አሞገሰ፣
የመደቡን ቁጥር ጠየቀ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ድሬ ተመለስኩ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣
አራት ጎን፣ ቀጥ ያለች፣ ውኃ ልክ ያጸደቃት።
ባልዲው ሥር ጥቂት ቀለም ቀርቶ ነበር፤
የባንኩን ቀን መቁጠሪያ አወረድኩ ከምስማር።
በእጄ፣ ያለ ሜትር፣ ትንሽ ክብ፣ ጠማማ፣
ቀባሁ፤ ቀን መቁጠሪያው ሸፈናት።
ማንም አልሰማ።