ባለ አንድ ጓንቲው

በፖርቱጋል ጠረፍ፣ በዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ቴሌቪዥን ያላት ኤውላሊያ ብቻ፣
ሐሙስ ማታ ሲሆን መሸታ ቤቷ ነው የሰው ሁሉ መክተቻ።
አባቴ ከጀልባው ሳይታጠብ ወርዶ፣ መረቡን ሳይጠቀልል፣
ክንዱ ላይ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም እያበራ፣ እኔን አዝሎ ይከንፋል።
የጨው ሣጥን አለች ከበርሜሉ አጠገብ፤ ዙፋኔ እሷ ነበረች፣
ከዚያ ላይ ሆኜ ነው ዓለም ለእኔ በጥቁርና በነጭ የተከፈተች።

ሽፍታ ነበር የሚመጣው።
ፈረሱ ግራጫ፤ ቀኝ እጁ ላይ ብቻ ጓንቲ ያጠለቀ፣
የአገረ ገዢውን የግብር ከረጢት በሰይፉ ጫፍ እየሰነጠቀ
ለባልቴት፣ ለአንካሳ፣ ለወፍጮ ጠባቂ ሳንቲሙን የሚያዘንብ፣
ወታደሩን በገዛ ገመዱ ጠፍንጎ ጥሎት የሚጋልብ።
ግራ እጁ ለምን ባዶ ሆነ? ማንም አልጠየቀ፤
መረብ ጠጋኙ ዜፌሪኖ ብቻ፣ ልጁ ከታሰረ ሰባት ወር፣ የት እንኳ እንዳለ ያላወቀ፣
«አንዱን ለወዳጁ ሰጥቶት ይሆናል» አለ፣ እየሳቀ።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባላል፤ እሺ፣ ይሁን፤
እኛ ግን ባሕር አራሾች ነን፣ የማይታረሰውን አርሰን ነው የኖርን።

የእኛው ገዢ ደግሞ ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመስተዋት ታስሮ፣
ዝንብ ባፍንጫው ሲሄድ ማንም አይስቅም፤ ግድግዳ አለው ጆሮ።
የከተማችን ጆሮ ባልታዛር ይባላል፤ የወደቡ ሚዛን ጸሐፊ፣
ከበሩ ኋላ ቆሞ፣ የሰው ትንፋሽ ቆጥሮ፣ ማለዳ አሳላፊ።
ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ኤውላሊያም ከማንም ቀድማ አውቃለት
የእሱን ብርጭቆ ሳታጥብ ነበር ሁልጊዜ የምትቀዳለት።

ያን ሐሙስ (ጥር ነው፤ ባሕሩ ሦስት ቀን መውጫ ከልክሎ)
ሽፍታውን ያዙት። ገመድ አንገቱ ላይ ወረደ፣ ከግንድ ተንጠልጥሎ።
ከበሮ። ቄስ። ገዢው ሎሚ እየላጠ ሰገነት ላይ ተቀምጧል፤
የቤቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጧል።
ድንገት ያ ባዶ እጅ፣ ግራው፣ ቢላዋ ከኋላው መዞ በጠሰው!
እንዴት እንደጮህን! አግዳሚ ወደቀ፣ ወይን ፈሰሰ፣ ተቃቀፈ ሰው፣
ኤውላሊያ በድስት ክዳን፣ አባቴ በእግሩ፣ ዜፌሪኖ በሁለት እጁ፣
«ሂድ! ሂድ ልጄ!» እያለ፤ ያን ጊዜ ነው ያነባው ለልጁ።
ዘወር ስል፣ ከበሩ ኋላ፣ ያ ብርጭቆ መሬት ላይ ተሰብሮ፣
ባልታዛር ያጨበጭባል፣ እንደ ሕፃን፤ ማን እንደሆነ ዘንግቶት ኖሮ።

ሽፍታው ከቅጥሩ ጫፍ ዘለለ፤ ፈረሱ ከታች ይጠብቃል፤
አየር ላይ እንዳለ ምስሉ ቆመ፤ ጽሑፉ፦ «ይቀጥላል»።

አልቀጠለም።
ማክሰኞ በጭነት መኪና መጡ፤ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣
አባቴን ሳይጠቀልሉት፣ በባዶ እግሩ፣ አጠገቡ አስቀምጠው።
ሁለት ክረምት። ሲመለስ ሳል ይዞ መጣ፤ ስለዚያ ቤት አንድም ሳይናገር
እስኪሞት ድረስ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይደብቅ ነበር።

ዘመን ተገለበጠ፤ ወታደር በጠመንጃው አፍ አበባ ሰክቶ የወጣ ዕለት
እኔ ዓሣ እየጨመርኩ ነበር ከቆርቆሮ ፋብሪካው ቤት።
ፋይሉን ያየሁት ዘንድሮ ነው፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣
«ያጨበጨቡ» ይላል ርዕሱ። ሦስተኛው መስመር አባቴ።
ኤውላሊያ። ዜፌሪኖ። የዳቦ ጋጋሪው ሁለት ልጆች። ቀዛፊው ቶርካቶ።
አሥራ ዘጠኝ ስም፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ እንደ ዓሣ ሚዛን ተሰልቶ።
ሃያኛው ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ደግሞ ተጽፎ፣ በምላጭ ተፍቆ፣ ወረቀቱ ሳስቶ፤
ወደ መስኮቱ ብርሃን ባነሣው «ባልታ...» የሚል ይታያል።
ይቅር አላልኩትም። አባቴ ሳሉን ይዞት ተቀብሯል።
ግን ያን ሐሙስ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ሁለት እጁ ሸፍቶበታል።

ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ብላ የመዝገብ ቤቷ ልጅ ጓንቲ ሰጥታኛለች፣ ጥንድ፤
ቀኙን አጠለቅሁ። ግራውን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት፣ ለአንድ
ሰው። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።