ቁልፉን ግማሽ አዙር

ሐምሌ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣
ዝናቡ አባርቶ፣ የጋራዡ ቆርቆሮ ገና ሲያነባ፣
ኮፈኗን ከፍቼ ቆምኩኝ እንደ አስታማሚ።
ሽኩር መጣ፣ ካቻቢቴ በጥርሱ ይዞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ እንደ ሰሚ።

«አንተ አትናገር» አለኝ፣ «መጀመሪያ እሷ ትናገር።
ቁልፉን ግማሽ አዙር። እንዳታስነሳት። እንቁጠር።»

አዞርኩ። ሌሊት በጩኸት እንደ ነቃ ቤት
ቦግ አለ ዳሽቦርዱ፤ ባትሪው፣ ፍሬኑ፣ ዘይት፤
ያቺ ጥምዝምዝ ቢጫም፣ ካንዴሌታው እስኪግል
«ትንሽ ታገሰኝ፣ እርጅና ነው» የምትል።

«ሁሉም መብራት አለባቸው» አለ ጣቱን አንስቶ፣
«እኔ የምፈራው የማይበራውን ነው፣ የሚያደባውን ተኝቶ።
አምና አንዱ መጣ፤ የዘይቱ አምፖል ከነአካቴው የለ፣
ሻጩ ነቅሎ ሸጦለታል፣ ‹ምንም አይበራባት› እያለ።
ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ መስቀል አደባባይ፤
ዳሽቦርዱ ግን ንጹሕ፣ ልክ እንደ ጥቅምት ሰማይ።

በል አስነሳት።»
ነጭ ጭስ ተፋች፤ ተከተለ ያ ሳሏ፣
ድንኳን የሚተክል መዶሻ፣ የማለዳ አመሏ።
መብራቶቹም ጠፉ፣ አንድ በአንድ።
«እሺ፣ መቼ ነው የሚያማት?»

«ፍሬን ስረግጥ ባትሪው ይበራል፤
ፍሬቻ ሳሳይ ዘይቱ ይጣቀሳል፤
ትናንት ቸርችል ላይ፣ ፖስታ ቤቱ ጋ፣ ቁልቁል፣
ጡሩምባ ብነፋ ሁሉም በሩ፣ ፈዘዝ ብለው እንደ ከሰል።
አንዱ ‹ዲናሞ ነው› አለኝ፤ ገዛሁ። አንዱ ‹ባትሪ›፤ ገዛሁ።
ጎማ ቤቱ ያለው ልጅ ‹ዓይን ነው› አለ፤ ለሱ ግን የሚገዛ አጣሁ።
ደግሞስ፣ ይህን ሁሉ ታማ እንዴት መንገድ ላይ አልቆመችም?»

«የድሮ ናፍጣ ናት፤ አንዴ ከተነሳች መብራት አትለምንም።
እያመማት ትሄዳለች።»

ዲናሞ አልነካም፤ ፊውዝ አልነቀለ፤
ከባትሪው ሥር ጎንበስ ብሎ አንዲት ጥቁር ሽቦ ተከተለ፣
እስከ ጫፏ፣ ከአካሏ ጋር እስከታሰረችበት፤
አረንጓዴ ዝገት፣ እንደ ተቀበረ ሳንቲም፣ የዋጣት።
በሁለት ጣቱ ቢነካት እጁ ላይ ተሰበረች።

«አየህ? ማሳ አጥታ ነው እንዲህ የምትቃዥ የነበረች።
መብራት መመለሻ ሲያጣ በሰው ደጅ ይዞራል፤
በፍሬን መንገድ ይገባና በዘይት ቤት ይበራል።
መብራቶቹ ምን ያድርጉ? ማሳ የላትም ይህቺ መኪና።»

ማሳ ለሽኩር ሽቦ ናት፤ አንድ ቡሎን፣ አንድ ጫፍ፣ በቃ፣ ደህና።
እኔ ግን ኮፈኑን እንደያዝኩ ቀረሁ።
ኮዬ ላይ፣ ብሎክ አርባ ሁለት ከቆመበት ሥር፣
ምስር ነበረ ዘንድሮ፣ ጤፍ ነበረ አምና፣ እስከ ወንዙ ዳር።
መጡ፣ ለኩ፣ አባቴ በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ ሆነ ካሳ።
ካሳው ይህችን ገዛ፤ ከእኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ማለዳ የምትነሳ፣
ጎኗ ሁለት ዓይነት ነጭ።

ሽኩር በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ ብረቱ እስኪነጣ፤
አዲስ ሽቦ አሰረ። «ሦስት መቶ ብር» ሲለኝ የዲናሞው ዋጋ ትዝ ብሎኝ ላቤ መጣ።

ፍሬን፤ ጨለማ። ፍሬቻ፤ ጨለማ። ጡሩምባ፤ ጨለማ።
«አምፖሎቹን ነቅለህ እንዳይሆን» አልኩት፣ ጮክ ብዬ እንዲሰማ።
«ቁልፉን ግማሽ አዙራ!» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ።

ብሔራዊ ቴአትር ጋ ቀይ መብራት ያዘኝ። አባቴ ደወለ።
«ምን አላት? አገኙላት?»
«ማሳዋ ነው፣ አባ» አልኩት።

ዝም አለ።
አረንጓዴው በራ። ከኋላዬ ታክሲው ይጮኻል።
ማርሽ አስገባሁ፣ ስልኩ ትከሻዬ ላይ እንዳለ።

«ለእሷ
ተመለሰላት?» አለ።